በባንኮኒ ላይ የተውኩት ስም

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ሳምንት ሳሙናና ዘይት ልገዛ ሰፈራችን ካለ ሱፐርማርኬት ገባሁ። ሒሳብ የምትቀበለው ልጅ ዕቃዬን አንድ በአንድ አሳልፋ ስታበቃ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ "ስልክ ቁጥር?" አለችኝ።

"ለምንድን ነው?"

"ሲስተሙ ይጠይቃል።"

"ሲስተሙ ለምን ይጠይቃል?"

አሁን ቀና አለች። "እኔንጃ እማማ፤ እስከ ዛሬ እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ የለም።"

"ባልሰጥሽስ ምን ይሆናል?"

ከኋላዬ የተሰለፉት ማጉረምረም ጀምረዋል። እሷን ግን እንደ እኔው ነገሩ አጓጓት መሰለኝ፣ ቦታውን ባዶ ትታ ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ ትንሽ ቆይቶ ደረሰኙን አወጣ። "ለካ ይሄዳል!" ብላ ሳቀች።

ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት፣ "እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሻል እኮ!" አለችኝ። እውነቷን ነው። ነገር ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ደመወዝ ሲከፈለኝ የኖረው "ለምን?" እያልኩ እንድጠይቅ ነበር። ደመወዙ ሲቆም ጥያቄው አብሮ አልቆመልኝም። ይህን የምጽፈው ሥራዬን ላወድስ አይደለም። በሥራዬ ላይ አንድ ከባድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። ያ ጥፋት እስከ የት ድረስ እንደሄደ ያወቅሁት ደግሞ ቢሮዬን ካስረከብኩ በኋላ ነው።

የተወለድኩት ከሐዋሳ ብዙ በማይርቅ የሲዳማ ገጠር ነው። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ ነው፤ እስከ ዛሬም ስናደድ ቀድሞ የሚመጣልኝ ሲዳምኛ ነው። ሥራ የጀመርኩት በታይፒስትነት ነበር፣ የሸማቾች አቤቱታ በሚቀርብበትና ሱቆች በሚፈተሹበት መሥሪያ ቤት። ተቆጣጣሪዎቹ ከገበያ ሲመለሱ በእጃቸው የጻፉትን ሪፖርት ያመጡልኛል፤ እኔ እመታለሁ። "ሚዛኑ ጎድሎ ተገኝቷል" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደ መታሁት እግዜር ይወቀው። ጣቶቼ ለመዱት፤ ጭንቅላቴ ግን ሊገባው አልቻለም። አንድ ቀን ጋሽ ላምቤቦ ሪፖርታቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ጠየቅኋቸው። እሳቸው ከተቆጣጣሪዎቹ ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በሐሩርም በዝናብም ያንኑ ቡናማ ኮት የሚለብሱ ሰው።

"ጋሼ፣ ግን ሚዛን እንዴት ነው የሚጎድለው?"

ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። "ነገ ጠዋት ጠፍጣፋ ጫማ አድርገሽ ነይ" አሉኝ።

በማግስቱ ገበያ ወሰዱኝ። እኔ ገብተን የምንጠይቅ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ከአንድ ሽንኩርት ሻጭ ራቅ ብለው ቆሙና፣ "አፉን ተዪው፤ እጁን እዪ" አሉኝ። አየሁ። ሻጩ ያወራል፣ ይስቃል፣ ይመርቃል። እጁ ግን ሽንኩርቱ ያለበትን ሳህን ሁልጊዜ ከሥር ይዞ ነው የሚያነሣው፤ የድንጋዩን ሳህን ከላይ ነው። ለምን? ጋሽ ላምቤቦ አልመለሱልኝም። ሄደው እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ኪሎ ገዙ፤ በገዛ ኪሳቸው። ቀጥለው በመሐረብ ጠቅልለው ይዘውት የሚዞሩትን፣ የተፈተሸውን የኪሎ ድንጋይ አውጥተው ሽንኩርቱን መዘኑትና የሽንኩርቱን ሳህን ገለበጡት። ከሥሩ በማስቲካ የተለጠፈ ምስማር ተገኘ። ሻጩ ሳይሆን እኔ ነኝ የደነገጥኩት።

የሚገርመው ደግሞ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ነው። አንዲት ቡና የምትሸጥ እናት ሚዛን ሲፈተሽ፣ ድንጋይዋ ከኪሎ በላይ ሆኖ ተገኘ። ለገዢዎቿ ሁሉ እያበለጠች ስትሰጥ ኖራለች። በሲዳምኛ ነገርኳት። መጀመሪያ አላመነችም፤ ኋላ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ "ቡናዬ የማይበረክተው ለዚህ ነው ለካ!" አለች። ጋሽ ላምቤቦ የራሳቸውን ድንጋይ ለቀኑ አዋሷት። ስንመለስ፣ "ሚዛን መፈተሽ ማለት ነጋዴ መያዝ ብቻ ይመስልሽ ነበር፣ አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ ይመስለኝ ነበር። ታይፕ መምታቱን የተውኩት በዚያው ዓመት ነው።

እሳቸው ካስተማሩኝ ነገሮች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው። የቆርቆሮ ዕቃ ስታይ መለያውን ቀድመሽ አታንብቢ፤ ገልብጠሽ ታቹን እዪ። ቆርቆሮው ላይ የታተመው ቀንና ወረቀቱ ላይ ያለው ካልተስማሙ ቆርቆሮውን እመኚ። የቀኑን ቦታ አሽትቺው፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ከሸተተሽ አንድ ሰው ፍቆታል። አንድ ካርቶን ውስጥ ሁሉም ጣሳ ንጹሕ ሆኖ አንዱ ብቻ አቧራ ከያዘ፣ ቀኑ የተፋቀው ያ አይደለም፤ የንጹሖቹ ነው። ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ እንደ ትእዛዝ አይደለም፤ እንቆቅልሽ እንደሚፈቱ ሰው እየተደሰቱ ነው።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ አንዱን አንቀጽ በቃላቸው ያዙት። ሸማች ዕቃ አገላብጦ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ ግዛ ተብሎ አይገደድም፤ አይሰደብም፤ አይዛትበትም። አንድ ጊዜ ከሰሜን የመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጫማ ለክቶ "ይቅርብኝ" ቢል፣ ባለሱቁ በር ላይ ቆሞ አላስወጣም እንዳለው ሊያመለክት መጣ። እኔ ልጁን ይዘን የምንሄድ መሰለኝ። ጋሽ ላምቤቦ ግን ብቻቸውን ሄደው፣ ከዚያው ሱቅ አራት ጫማ አስወርደው ለኩ፤ ተከራከሩና "ይቅርብኝ" ብለው ተነሡ። ባለሱቁ የተናገራቸውን እዚህ አልጽፈውም። እስኪጨርስ ጠበቁት፤ ከዚያ መታወቂያቸውን አወጡ።

"ተማሪው ምስክር ሆኖ ቢቀርብ አይሻልም ነበር?" አልኳቸው።

"ባለሱቁ ማወቅ ያለበት ስለ ጫማው ነው። ስለ ልጁ ምን አገባው?"

ይህ የእሳቸው የጸና ልማድ ነበር። ለፍተሻ ሲወጡ የአቤቱታውን ፎርም ይዘው አይወጡም። ቁጭ ብለው፣ በዚያ ቀስ ባለ እጅ ጽሑፋቸው፣ ጉዳዩን ብቻ በባዶ ወረቀት ይገለብጡታል፤ ምን ዕቃ፣ ከየት፣ ምን ጎደለው። ስምና አድራሻ ያለበት ፎርም መሳቢያ ውስጥ ይቆለፍበታል። እኔ ሥራ ሲበዛብኝ በሆዴ እስቅባቸው ነበር። አንዱን ጉዳይ ሁለት ጊዜ መጻፍ!

ጋሽ ላምቤቦ ጡረታ ወጡ፤ እኔም የእሳቸውን ወንበር ወረስኩ። አለቃ በአለቃ ተተካ። አንዱ ሪፖርት በሠንጠረዥ ይወድ ነበር፣ አንዱ በፎቶ፣ አንዱ ጨርሶ አያነብም። ሥራው ግን ያው ነው፤ ሰው ተበድሎ ይመጣል፣ እኛ እንሄዳለን።

ብርቱካን የመጣችው በዓል ሲቃረብ፣ ሥራ በሚበዛበት ሰሞን ነው። ወጣት እናት ናት፤ ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ አይኖርም። ልጇን አዝላ፣ በፌስታል የሕፃናት ዱቄት ወተት ጣሳ ይዛ ገባች። ልጅቷ ወተቱን ከጠጣች ወዲህ ሆዷ እየታመመ ሐኪም ቤት ተመላልሳለች። ጣሳውን አጥባ ለሌላ ነገር ልታውለው ስትል ቀኑ ያለበት ወረቀት ተላጠ፤ ከሥሩ ሌላ ቀን ወጣ። ያለፈ ቀን።

ጣሳውን ተቀብዬ ገለበጥኩት። ጥጥ በአልኮል ነክሬ ጠርዙን አሸሁት፤ የተለጠፈበት ወረቀት ሙጫ ገና አለ። "ጎበዝ ነሽ" አልኳት። "ይህን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።"

እሷ ግን በምስጋናዬ አልተደሰተችም። የፎርሙ ስም መጻፊያ ጋ ስትደርስ እስክሪብቶውን አቆመችው። "ስሜ አይወጣም አይደል? ሱቁ ከቤቴ ቅርብ ነው።"

"አይወጣም" አልኳት። እንዲህ ብዬ ነው የመለስኩላት፣ ዓይኗን እያየሁ።

ፈረመች። ስሟን፣ ስልኳን፣ ታቦር ሰፈር ያለውን የቤቷን ቁጥር ጻፈች።

በዚያ ቀን ሦስት ሱቅ ይጠብቀኝ ነበር። ለመገልበጥ ጊዜ የለኝም አልኩና ፎርሙን እንዳለ ፋይሌ ውስጥ አድርጌ ባጃጅ ያዝኩ። ሱቁ ሰፊ ነው፤ ወተቱ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል። ፋይሌን ባንኮኒው ላይ ከፍቼ፣ የጣሳውን መለያ ቁጥር ከፎርሙ አይቼ፣ የለስላሳ ሣጥን ላይ ወጣሁ። አንዱን ጣሳ ገለበጥኩ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እያንዳንዱን ማሽተት ነበረብኝ። ጀርባዬን ለባለሱቁ ሰጥቼ ሙሉ መደርደሪያ ፈተሽኩ። ብዙዎቹ የተለጠፈባቸው ናቸው።

ከሣጥኑ ስወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። ነጋዴ ሲያዝበት ይምላል፣ ይለምናል፣ አለቃሽን ጥሪ ይላል። ይህ ሰው አንድ ቃል አልተናገረም። ጣሳዎቹ ሲወሰዱ አየ፤ አምጪ አለና ፈረመ። ፋይሌን ልዘጋ ሳነሣው ፎርሙ እኔ ባስቀመጥኩት አኳኋን አልነበረም፤ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ነበር። አየሁት። እጄ ግን ፋይሉን ዘጋው፣ እግሬም ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ብርቱካን ልጇን አዝላ ተመለሰች። ለካ የቤቷ አከራይ የባለሱቁ እኅት ናት። እኔ አላውቅም፤ እሷም ስትፈራ የነበረው ይህንኑ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቤቱን ልቀቂ ተብላለች። አከራይዋ ግቢ መሀል ቆማ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ "ወንድሜን ያሳሰረ ሰው ቤቴ አያድርም" ብላታለች። ማንም አልታሰረም፤ ወሬው ግን ታስሯል ሆኗል።

"ማን ነገራቸው?" አለችኝ ብርቱካን።

አውቅ ነበር። ጥያቄዋን ሳትጨርሰው ያ ወደ ባለሱቁ የዞረ ወረቀት ዓይኔ ላይ መጣብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ግን "እናጣራለን" የሚል ነው። "እናጣራለን፣ አይዞሽ።" ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካክላ ሄደች።

አከራይዋ ዘንድ ሄድኩ። "ቤቴ ነው፤ ለዘመድ ፈልጌዋለሁ" አለችኝ። በሕግ ይዤ የማስቆማት ነገር አላገኘሁም። ለአለቃዬ ነገርኩት። እሱ የተያዙትን ጣሳዎች ፎቶ እያየ ነበር። "ጉዳዩን እኮ አሸንፈሻል፤ ሪፖርቱ ላይ ጥሩ ይወጣል" አለኝ። ሱቁ ተቀጣ፤ ብዙ ልጆች ያን ወተት ሳይጠጡ ቀሩ። ይህም እውነት ነው። ብርቱካን ግን ልጇንና ዕቃዋን ይዛ ከታቦር ወጣች፤ ወዴት እንደሄደች አልነገረችኝም፤ ልትነግረኝም አይገባም ነበር።

ጋሽ ላምቤቦ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ልማዳቸው መጠየቅ ጀመሩ።

"ወረቀቱ በፊቱ ነው የተቀመጠው ወይስ በጀርባው?"

"በፊቱ።"

"መደርደሪያው ምን ያህል ከፍ ይላል?"

"ሣጥን ላይ የሚያስወጣ።"

"እና ስሟ ከአንቺ ዓይን ውጪ የቆየው አንድ መደርደሪያ ተፈትሾ እስኪያልቅ ነው።" ቀጥለውም፣ "እኔም ይህን ልማድ ከሜዳ ላይ አላነሣሁትም፣ ማርታ" አሉኝ። ምን ደርሶባቸው እንደነበር አልነገሩኝም። ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ "ለልጅቷ እኔ ነኝ ብለሻታል?"

አላልኳትም። እላታለሁ አልኳቸው። አላልኳትም።

ከዚያ በኋላ ቢሮ ውስጥ መቀስ ያዝኩ። የፎርሙን ላይኛ ክፍል፣ ስምና አድራሻ ያለበትን፣ ቆርጬ መሳቢያ ውስጥ እቆልፋለሁ፤ በሁለቱም ቁራጭ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር እጽፋለሁ። ይዤው የምወጣው ታችኛውን ብቻ ነው። አለቃዬ "ፎርም የሚለወጠው ከላይ ሲታዘዝ ነው" ብሎ ተቆጣ። ባልደረቦቼ "መቀሷ" አሉኝ። ስሙ እስከ ጡረታዬ አልለቀቀኝም።

መቀሱ ግን ሌላ ጥያቄ አመጣብኝ። እኔ አንዲት ወረቀት ጥዬ ይህ ከሆነ፣ ሰው በየሱቁ ጽፎ የሚተወው ስም ሁሉ የት ይሄዳል? ሰው ያኔ በየሱቁ የእጣ ኩፖን መሙላት ለምዶ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አዲስ ዓይነት አቤቱታ መጣ። ሰዎች ስልክ ይደወልላቸዋል፤ ደዋዩ በአባትና በአያት ስም ይጠራቸዋል፣ የገዙበትን ሱቅ ይነግራቸዋል፣ እጣ ደርሶዎታል ይላል፣ ከዚያ ስልካቸው ላይ የገባውን የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። አንድ ጡረተኛ መምህር ቁጥሩን ሰጥተው የባንክ ሒሳባቸው ባዶ ሆነ። መምህሩ እፊቴ ተቀምጠው ደጋግመው የሚሉት ስለ ገንዘቡ አልነበረም። "በአያቴ ስም ጠራኝ እኮ! ዘመድ መሰለኝ።"

አታላዩን መያዝ የፖሊስ ሥራ ነው። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ የአያታቸውን ስም ከየት አመጣው? አንድ ብልሃት መጣልኝ። አራት ሱቅ ሄጄ ዕቃ ገዛሁና አራት ኩፖን ሞላሁ። ስሜና ስልኬ በሁሉም ላይ አንድ ነው፤ የአያቴን ስም ግን በየሱቁ ለየብቻ ፈጠርኩ። አንዱ ጋ ወልዴ፣ አንዱ ጋ ሶርሳ፣ አንዱ ጋ ደበበ፣ መናኸሪያ አጠገብ ያለው ሱፐርማርኬት ጋ ደግሞ ገረመው። የትኛው የት እንደሆነ ደብተሬ ላይ ጻፍኩና መጠበቅ ጀመርኩ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ጠራ። "ወይዘሮ ማርታ ዱካለ ገረመው ነዎት? እንኳን ደስ አለዎት!"

"ገርሞኛል በእውነት!" አልኩት፤ ሹፌሩ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ ሳቅሁ።

የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ ወጣትና ጨዋ ሰው ነው። "ለማንም አልሰጠንም" ብሎ ማለ። ፊቱን ሳየው እውነቱን ነው። ስለዚህ ሌላ ጠየቅሁት። "እጣው ከወጣ በኋላ ኩፖኖቹ የት ይሄዳሉ?" አስቦት አያውቅም። የዕቃ ክፍሉን ጠራ፤ ዕቃ ክፍሉ ጥበቃውን ጠራ። ጥበቃው ሳይደብቅ ነገረን፤ ካርቶኖቹ ሲሞሉ ለወረቀት ገዢዎች በኪሎ ይሸጣሉ።

ወረቀት ገዢዎቹን ጠይቄ ጠይቄ የደረስኩት ሐይቁ ዳር፣ ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ዘንድ ነው። አንድ ጥቅል ገዛሁና ኦቾሎኒውን መዳፌ ላይ ዘርግፌ ወረቀቱን ፈታሁት። የአንዲት ሴት ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ክፍለ ከተማ፣ ፊርማ። አጠገቤ የቆሙ ወጣቶች የእነሱን ጥቅል እየጨማደዱ ውሃው ዳር ይጥላሉ። ሻጯ ምንም አላጠፋች፤ ወረቀት ገዛች፣ ጠቀለለች። ከዚያው ክምር ሌላ ሰው ገዝቶ ለሌላ ሥራ ማዋሉ ነው ችግሩ።

ጥቅሉን ለሥራ አስኪያጁ ወስጄ ሰጠሁት። ስሙን አነበበና ቀና አለ፤ ደነገጠ። "ይቺ እኮ ጎረቤቴ ናት።" የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ያኔ አልነበረም፤ እሱ የወጣው እኔ ጡረታዬ ሲቃረብ ነው። ላስገድደው የምችልበት ነገር ስላልነበረኝ ጎረቤቱ አገዘችኝ ማለት ይቻላል። የቀሩትን ካርቶኖች ግቢው ውስጥ እያየሁ አቃጠላቸው። ከዚያ ወዲያ የእነሱ ኩፖን ላይ ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ ያለበት ሆነ፤ ግማሹ ገዢው እጅ ይቀራል። የመምህሩ ገንዘብ ግን እኔ ሥራ ላይ እስከነበርኩ ድረስ አልተመለሰም።

ጡረታ ከወጣሁ ጥቂት ወራት እንዳለፈ፣ በምሄድበት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ኅብረት ስለ ሸማች መብት ንገሪን አሉኝ። ስለ ደረሰኝ፣ ስለ ቀን፣ ስለ ስልክ ቁጥር ነገርኳቸው። መጨረሻ ላይ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የወተቱን ታሪክ አወራሁ። ስምና ሰፈር አልጠራሁም። አንዲት እናት አልኩ፣ አንድ ሱቅ አልኩ፣ ወረቀቱን የተውኩት እኔ ነኝ አልኩ። ይህን በሰው ፊት ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር።

ሰው ተበትኖ አንዲት ጎልማሳ ሴት ቀረች። ወንበሮቹን የምታስተካክል መሰለኝ፤ ወንበሮቹ ግን ተስተካክለዋል።

"ታደለች እባላለሁ" አለችኝ። "ያ ሱቅ ታቦር ነው፣ አይደል?"

"አልናገርም፣ የኔ እኅት። የራሷ ጉዳይ ነው።"

"አይናገሩ። እኔ ልንገርዎ።" ወንበሩን በሁለት እጇ ያዘች። "አንድ ጓደኛ ነበረችኝ። ግቢ ለግቢ ነን፣ ልጇን አብሬ ነው ያሳደግኳት። ወተቱን ልትከስ ስትሄድ ለእኔ ብቻ ነግራኛለች። ከቤት ሲያስወጧት ጊዜ መጣችና፣ 'ከአንቺ በቀር ለማንም አልነገርኩም፤ ስሜን ያወጣሽው አንቺ ነሽ' አለችኝ። ማልኩ። አለቀስኩ። አላመነችኝም። ይኸው እስከ ዛሬ።"

አጠገቧ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እኔ ቤት ያሳጣኋት መስሎኝ ነበር። "እናጣራለን" ባልኩበት ቀን ጓደኛዋንም እንዳሳጣኋት አላውቅም ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ስጠይቅ ኖሬ፣ እኔ ዝም ስል እሷ ማንን ልትጠረጥር እንደምትችል አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

"የት እንዳለች ታውቂያለሽ?" አልኳት።

"አውቃለሁ። መናኸሪያ አካባቢ ናት። ሳያት መንገድ እቀይራለሁ፤ እሷም ትቀይራለች።"

አድራሻዋን እንዳትነግረኝ ለመንኳት። ከቦርሳዬ ወረቀት አወጣሁና ጻፍኩ። "ስምሽን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ፎርምሽን ባንኮኒ ላይ ትቼው ባለሱቁ አነበበው። ስትጠይቂኝ አውቅ ነበር፤ ፈርቼ ዋሸሁሽ። ታደለች ምንም አላደረገችም።" ከሥሩ ሙሉ ስሜን፣ ስልኬን፣ የቤቴን ቁጥር ጻፍኩና ፈረምኩ።

ታደለች አነበበችው። "ለእኔ ነው የሚሰጡኝ?"

"አንቺ ነሽ የተጎዳሽው። መስጠትም መቅደድም ያንቺ ነው።"

አጥፋ ጡቷ ሥር ከተተችው።

በስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ልብስ እያሰጣሁ ስልኬ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

"ወይዘሮ ማርታ?"

"ነኝ።"

"ብርቱካን ነኝ።" ድምፅዋ ወፍሯል። "ይህ ወረቀት እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"ያን ቀን ቢሮዎ ስመጣ፣ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

እኔም እንደ ድሮው በወሬ አልሸፈንኩትም።

"ቤቱ ቤት ነው፤ ሌላ ተከራየሁ" አለች። "ልጄም ድና አድጋለች፤ ስድስተኛ ክፍል ናት። ታደለች ስትዳር ግን ሠርጓ ላይ አልሄድኩም። እናቷ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም። እናቷ እኮ ልጄን ሲያጥቡልኝ የነበሩ ናቸው።"

"ይቅር በዪኝ፣ ልጄ።"

"እሱን ገና አላውቅም። እውነቱን ልንገርዎ፣ ገና አላውቅም።"

"መብትሽ ነው።"

ይህን ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። አላስቻለኝም። "ታደለችስ?" አልኳት።

"አሁን መጣች። በር ላይ ቆማ ወረቀቱን በእጄ ሰጠችኝ፤ አንብቤ ሳልጨርስ ዞራ ልትሄድ ነበር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ግቢ አልኳት።"

ከኋላዋ የዕቃ መንኳኳት ሰማሁ፤ ቀጥሎ የሌላ ሴት ድምፅ፣ ከሩቅ፣ "ክብሪት የት ነው የምታስቀምጪው?" ሲል።

"ልዝጋው" አለች ብርቱካን። "እሷ ይህን ቤት አታውቀውም።"